በሲባጎ የመጣ ልክ

ጋሽ ኮት ሰው ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው ፊት ላይ ሳይሆን ትከሻ ላይ ነው። ፊትማ ታዛዥ ነው፤ ሳቅ ሲሉት ይስቃል፣ እዘን ሲሉት ያዝናል፣ ስብሰባ ላይ ከእጅ ቀድሞ ያጨበጭባል። ትከሻ ግን የተሸከመውን አይደብቅም።

ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ሱሪም የተማሪ ዩኒፎርምም ሲሰፋ ኖሯል፤ የታወቀው ግን በኮት ነው። እሱ የሰፋውን ኮት የለበሰ ተላላኪ ሥራ አስኪያጅ ይመስላል ይባል ነበር። እንዲያውም አንድ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ በዚያ ኮት ምክንያት ተሾመ እየተባለ ይወራል፤ ከተሾመ በኋላ የሠራውን ላየ ሰው ግን ኮቱ ብቻውን ቢሾም ይሻል ነበር።

ሱቁ ጠባብ ክፍል ናት። በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ በመሀል ጠርዙን መቀስ የበላው የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በጥጉ ካውያውና ጭንቅላትም እጅም የሌለው የእንጨት ማልበሻ። በሩ አጠገብ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል፣ ሚስቱ ዝቅ ባለች ወንበር ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ በእጇ ትሠራለች። ከስሱ የጣውላ ግድግዳ ወዲያ ፀጉር አስተካካዩ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ዜና ስለሚለፈልፍ «ሬዲዮ» ይሉታል። ሬዲዮ ደንበኛ ባጣ ቁጥር ብቅ ይልና የእንጨቱን ማልበሻ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል።

«ጭንቅላት የለው፣ እጅ የለው፣ አፍ የለው። ጋሽ ኮት፣ የሚፈለገው ዜጋ ይሄ ነው። ምነው ለምርጫ ባስመዘገብከው?»

«ያሸንፍና ኮት የማለብሰው ልጣ?»

እንዲህ እየተባባሉ ይውላሉ። ሳቅ እንደሆነ ገና ቀረጥ አልወጣበትም።

ሌላ ሰፈር የሌለ አንድ አሠራር ነበራቸው። ከሩቅ ያለ ደንበኛ ራሱ መምጣት ካልቻለ ልኩን በሲባጎ ይልካል። አንድ ቋጠሮ ያለበት ሲባጎ ትከሻ ነው፤ ሁለት ቋጠሮ ደረት፤ ሦስት ቋጠሮ ወገብ፤ ጫፉ በእሳት የተለበለበው እጅጌ። የአውቶቡስ ረዳት፣ ነጋዴ፣ ለሕክምና የሚመጣ ዘመድ፣ ማንም ይሁን ማን በኪሱ ይዞት ይመጣል። መልእክተኛ ደግሞ ልኩን ካስረከበ በኋላ ምላሱን መጨመር ልማዱ ነው፤ «አሁን ትንሽ ወፍሯል»፣ «ሊያገባ ነውና ደረቱን ከፍ አድርግለት» ይላል። ጋሽ ኮት ጆሮም አይሰጠው።

«ወሬ ከሆነ የያዝከው ሬዲዮ ጋ ግባ፤ ሲባጎ ከሆነ ወዲህ በል» ነበር መልሱ። ሲባጎው ያለውን ይቆርጣል፤ ሰው ያለውን አይቆርጥም። በዚህ ሕግ ኖሮ አንድም ኮት ተመልሶበት አያውቅም።

አገሩ ወደብ አለው። ወደብ ያለው ድሃ አገር ቆንጆ ልጅ ያላት መበለት ማለት ነው፤ ደጇን የሚያንኳኳ ሽማግሌ አይጠፋም። አንደኛው አጪ የቀድሞው ወዳጅ ነው። ስንዴና ጥይት በአንድ መርከብ ይልካል፤ ከጭነቱ በላይ ስለ ሰብአዊ መብት የሚሰብክ መግለጫ ያስቀምጥበታል። ሁለተኛው አዲሱ ወዳጅ ነው። ድልድይ ይሠራል፣ አጥር ያጥራል፣ ስብከት አይወድም። «በሰው ቤት ጣልቃ አንገባም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ የሚፈልገው ግቢውን እንጂ ቤቱን አይደለም። ከባሕሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ደግሞ አንደኛው ለእኛ ታንክ በሰጠ ማግስት ወደ ሁለተኛው እየሮጠ ታንክ ይለምናል። ሁለት ምስኪኖች በተዋሱት ዱላ ሲፋጠጡ ባለዱላዎቹ ዳር ቆመው ይገላግላሉ፤ ይህንንም «የቀጣናው መረጋጋት» ብለው ይጠሩታል።

የጋሽ ኮት አንድ ልጅ በዚህ ወደብ ጭነት መዝጋቢ ነበር። ሰፈር «ጠያቂው» ይለዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ለምን ሳይል ጫማ አያደርግም። ትንሽ ሳለ ከግንብ ወድቆ ግራ እጁ ተሰብሮ ነበርና ሲጠገን በአውራ ጣት ያህል አጥሮ ቀረ። ይህን ግን ከቤተሰቡ በቀር ማንም አያውቅም፤ አባቱ የግራውን እጅጌ ሁልጊዜ አሳጥሮ ስለሚቆርጥለት ሁለቱ እጆቹ እኩል ይመስላሉ።

አንድ ቀን በወደቡ ሠራተኞች ስብሰባ ላይ ጠያቂው እጁን አወጣ። «ግማሹን ወደብ ያጠርነው ከማን ነው? ከአጥሩ ወዲያ የቆመው መርከብስ የማን ነው?» አለ። ሰብሳቢው «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለው። በዚህ አገር ጥያቄህን ጥሩ ነው ካሉህ የጫማህን ማሰሪያ አጥብቅ። በሳምንቱ ከቤት ወሰዱት። ክሱ «ለባዕድ ኃይል መሥራት» ነው ተባለ። ለየትኛው ባዕድ እንደሆነ አልተነገረም፤ በዚያ ዓመት ማን ባዕድ ማን ወዳጅ እንደሚሆን ገና አልተወሰነማ።

ከዚያ በኋላ እናትና አባት የማረሚያ ቤት በር ሁሉ አዳረሱ። የጠየቁት በር ሁሉ «እዚህ የለም» አላቸው። መንግሥት ለዓለም «በሐሳቡ የታሰረ ሰው የለኝም» ብሎ ተናግሯልና፣ የሌለ እስረኛ የት ሊገኝ! አንድ ክረምት አለፈ፣ ሁለተኛውም መጣ። ሚስቱ መጀመሪያ በየበሩ የምታለቅሰውን ተወች፤ ከዚያ መናገርም ቀነሰች። ሰው «እንዴት ነው ልጅሽ?» ሲላት ቁልፍ ቀዳዳዋን ቀና ሳትል ትሠራለች። ልጇ ሞቷል እንዳትል አልቀበረችው፣ አለ እንዳትል አላየችው። ጥቁር አልለበሰችም፤ ነጭ መልበሱንም ፈራችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ መላጫውን እንደያዘ እየሮጠ ገባ።

«ሰማችሁ? የቀድሞው ወዳጃችን ተቆጥቷል! እስረኞቻችሁን ካላሳያችሁኝ ስንዴውንም ጥይቱንም አቆማለሁ ብሏል። አጣሪ ቡድን ይልካል አሉ።»

«የምን እስረኛ? የለንም ብለው የለ?» አለ ጋሽ ኮት።

«ስንዴ ሲቀር ይኖረናላ! ጥቂት ሰዎች ያሳያሉ፤ አያችሁ ደህና ናቸው ይላሉ፤ ከዚያ በምሕረት ይለቋቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው ጋሽ ኮት፣ አንዴ ፈረንጅ ዓይቶ ፎቶ ያነሳው ሰው ከእንግዲህ አይጠፋም። የታየ ይወጣል፣ ያልታየ ይረሳል።»

ሚስቱ መርፌዋን አቆመች። «የታየ ይወጣል» አለች ቀስ ብላ፤ እንደ ጸሎት።

ብዙም ሳይቆይ ታርጋ የሌለው መኪና ሱቁ በር ላይ ቆመ። ጫማው የሚያብረቀርቅ ቀጭን ሰው ወረደ፤ የማረሚያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ አለ። የጋሽ ኮት ዓይን ትከሻው ላይ አረፈ። ቀኙ ወደፊት የዞረ ነው፤ በር ላይ ጆሮውን ሲጥል የኖረ ሰው ትከሻ።

«ጋሼ፣ ደርዘን ሙሉ ልብስ እንፈልጋለን። ጥቁር ሰማያዊ። ጨርቁ መኪናው ውስጥ አለ።»

«ለማን ነው?»

«ለእንግዶቻችን።»

ጋሽ ኮትና ሚስቱ ተያዩ። እስረኛን እንግዳ የሚል ቤት ምን ዓይነት አስተናጋጅ እንዳለው አያስጠይቅም።

«እሺ። እንግዶቹ ይምጡና ልለካቸዋ።»

ሰውዬው ሳቀ። «እነሱ አይወጡም። እርስዎም እንዲገቡ አልመኝልዎትም።» የያዘውን ማዳበሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው፤ ውስጡ ተለይተው የታሰሩ የሲባጎ ጥቅሎች ነበሩ። «አሠራርዎን አጣርተናል። ወረቀት አንወድም ጋሼ፤ ወረቀት ያወራል። ይኸው በቋጠሮ። እንዴት ነው፣ ተማሪ ብሆን አልፋለሁ?»

«ያልፋሉ» አለ ጋሽ ኮት። አንዱን ጥቅል አንስቶ ቋጠሮውን ዳበሰ። «ይሄ ግን ትርፍ አለው። እጅጌው ሁለት ነው።»

«እሱን ይተዉት! አንድ ለፍላፊ አለ፤ ሁለቱንም እጄን ካልለካችሁ አልለብስም ብሎ አስቸገረን። ግራዬ ያጥራል ይላል። ሙሽራ መሰለው!»

ካውያው ግሎ መቀመጫው ላይ ነበር፤ ጋሽ ኮት በባዶ እጁ ያዘው። መቃጠሉን ያወቀው ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው። ሚስቱም ከመቀመጫዋ አልተነሳችም፤ ክሯን በጥርሷ በጥሳ፣ ሌላ ክር ልታስገባ የመርፌውን ቀዳዳ ትፈልጋለች፣ ትፈልጋለች።

«አንዳንድ ሰው አለ፤ ያስቸግራል» አለ ጋሽ ኮት፤ ድምፁ ከሌላ ሰው ጉሮሮ የወጣ ይመስል ነበር።

መኪናው እንደራቀ በሩን ዘጉት። ሁለቱን የእጅጌ ሲባጎዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። አንደኛው በአውራ ጣት ያህል ያጥራል። ሚስቱ አውራ ጣቷን በክፍተቱ ላይ አስተኛችው፤ ልክክ አለ።

«አለ» አለች።

«አለ።»

«አንተ ሰው፣ አለ እኮ!»

ከዚያ ያ ሁሉ ዝምታ ተነቅሎ ወጣ። አቅፋው አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ሲባጎውን ጉንጯ ላይ አደረገችው፣ የእስር ቤት ሽታ አለው ብላ ደግሞ አለቀሰች። ሬዲዮ በግድግዳው በኩል «ምን ተገኘ?» ብሎ ጮኸ፤ «መርፌ!» አለችው፣ ሁለቱንም ሳቅ አፈናቸው። ከልጃቸው መወሰድ ወዲህ በዚያች ክፍል ሳቅ ከልብ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ጋሽ ኮት ባለሦስት ቋጠሮውን ሲባጎ ሜትሩ ላይ ያስተኛው እሷ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ ነው። ቁጥሩን አየ። አንስቶ እንደገና ለካ። የሰው ወገብ አልነበረም፤ ገና ትምህርት ቤት ሳለ የሰፋለት የመጀመሪያ ሱሪ ወገብ ነበር። ደረቱንም ለካ። ትከሻውንም። አጥንት አይከሳም ይባላል፤ ትከሻው ግን እንኳን ሥጋው አጥንቱም የተጎነበሰ ይመስል ነበር።

«ከስቷል?» አለች ሚስቱ ስትመለስ።

«ትንሽ።»

«ጨምርለት። አሁን ፈረንጅ ሊያየው አይደል? ያበሉታል። እንዳታጠብበት ልጄን።»

ሲባጎዎቹን አንድ በአንድ ጠቀለለ።

አሥራ አንዱን በሲባጎው ቆረጠ፤ እንደ ሕጉ፣ አንዲት ጣት ሳይጨምር ሳይቀንስ። ሁሉም ቀጫጭን ነበሩ፤ ለሁሉም ማንም እንዳይለየው አድርጎ ትከሻውን በትንሽ ጥጥ ደገፍ አደረገው፣ ወገቡን ሰብሰብ። ኮት ጥሩ ውሸታም ነው፤ በልኩ ከተሰፋ የተራበን ሰው ስፖርተኛ ያስመስላል።

አሥራ ሁለተኛው ጨርቅ ላይ በጠመኔ መስመሩን አሰመረና ቆሞ አየው። የተሰመረው የልጅ ኮት ነበር። ሰው ሆኖ እንጀራውን ያገኘ፣ ቤት ሲገባ ግንባሩ መቃኑን የሚነካ፣ እናቱን በአንድ እጁ የሚያነሳ ልጁ እዚህ መስመር ውስጥ አይገባም። «ሰውዬው ሲለካ ሲባጎውን አጥብቆ ስቦት ነው» አለ ለራሱ። «ደግሞ ያበሉታል። ደግሞ አባቱ የሰፋው ኮት ጠበበው ይባል?» ስንቱን መልእክተኛ ከደጁ ያባረረ ሰው፣ ያን ቀን ራሱ ለራሱ መልእክተኛ ሆኖ መጣ፤ የሚያባርረው ግን አልነበረም። መስመሩን በመዳፉ አጠፋው። ዓይኑን ጨፍኖ ልጁን አቆመው፤ ትከሻውን፣ ደረቱን። በዚያ ልክ አሰመረ። በዚያ ልክ ቆረጠ። ከሲባጎው የወሰደው የግራውን እጅጌ ብቻ ነው።

ሚስቱ የዚያን ኮት ቁልፍ ቀዳዳ ስትሠራ ሁለት ቀን ፈጀባት። ሐር ክር ነበራት፣ ለሙሽራ ልብስ ብላ ያስቀመጠችው፤ አወጣችው።

አጣሪ ቡድኑ የመጣ ዕለት ሬዲዮ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ጠራቸው። ግማሽ ፀጉሩን የተላጨ ደንበኛ ሳይቀር ወንበሩን አዙሮ ያያል። አጣሪዎቹ ከመኪና ወረዱ፤ የማረሚያ ቤቱ አዛዥ ሻለቃ እጅ ነሳ፤ ግቢው ታጥቦ፣ አበባ በጣሳ ተተክሎ ነበር። ከዚያ በረድፍ የቆሙ ሰዎች ታዩ። ጥቁር ሰማያዊ።

«የኔ ናቸው» አለ ጋሽ ኮት። ኮሌታቸውን፣ የኪሳቸውን አፍ አወቀ። አንድ በአንድ አያቸው። ካሜራው ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ሄደበት፣ ተመልሶም ሄደበት። ከአጣሪዎቹ አንዷ ሴት እያንዳንዱን ጨበጠች። አስተርጓሚው ሳቀ።

ልጁ የለም።

«ካሜራው ያልደረሰበት ዳር ይሆናል» አለች ሚስቱ።

«ይሆናል።»

«ከኋላ ቆሞ ይሆናል። ረጅም ነው እኮ፣ ረጅም ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚቆመው።»

ሬዲዮ መላጫውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ቴሌቪዥኑ «የሰብአዊ መብት አያያዛችን ተመሰከረለት» አለ። ግማሽ የተላጨው ደንበኛ «ሰፊው ሕዝብ የሚሉት እኛን ከሆነ ምነው ወገባችን ጠበበ?» ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ፤ ማንም አልሳቀም።

የታዩት ሁሉ በሳምንቱ በምሕረት ተለቀቁ። ሬዲዮ ትክክል ነበር። «ያልታየ ይረሳል» ያለውን ሌላውን ግማሽ ግን ሬዲዮን ራሱን መድገም አስጠላው።

ሚስቱ ክር ልትገዛ በወጣችበት ሰዓት አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ጋሽ ኮት ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ኮቱን ነው። የራሱ ነው።

«አባባ፣ ጋሽ ኮት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ግባ ልጄ።»

መምህር ነኝ አለ ሰውዬው፤ ነበርኩ ብሎ አረመ። ሌላ ልብስ ስለሌለው ይህንኑ ለብሶ እንደሚውል፣ ለዚህም እንደሚያፍር ተናገረ። ተቀመጥ ቢሉት አልቀመጥ አለ። «ልጅዎ አልላከኝም፤ ለመላክም ጊዜ አላገኘ። ግን ሳልነግርዎት ከቀረሁ ሰላም አላገኝም።»

«ደህና ነው?»

«አብረን ነበርን። ልብሱ የመጣ ዕለት የግራውን እጅጌ አጠለቀና ቆም አለ። እጅጌው አንጓው ላይ ሲያርፍ አየሁ። ከዚያ ሳቀ። ያን ሰው ሲስቅ ዓይቼው አላውቅም ነበር አባባ። "አባቴ ነው የሰፋው፣ እያወቀ ነው የሰፋው" ብሎ ክፍሉን ሁሉ እየዞረ እጁን አሳየን። ኮቱ ግን...»

«ኮቱ ምን?»

መምህሩ ወለሉን አየ። «ኮቱ እንደ መስቀያ ነበር የተንጠለጠለበት። እኛም ከስተናል፤ ግን የእኛ ልክ ስለሆነ አይታይም። የእሱ ያስታውቃል። ሻለቃው ረድፉን ሊያይ መጣና እሱ ጋ ሲደርስ "ይሄ ምንድነው? ኮቱ ነው ወይስ ሰውዬው የቆመው? የአጥንት ኤግዚቢሽን ልታሳዩብኝ ነው?" አለ። የንብረት ክፍሉ በመርፌ ቁልፍ ሊሰበስበው ሞከረ፤ ከኋላ ሲይዘው ከፊት ይከፈታል። መኪናዎቹ በር ላይ ደርሰው ነበር። አስወጡት። ኮቱን አስወልቀው ወደ ውስጥ መለሱት።»

ጋሽ ኮት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሜትር አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ሲናገር የጠየቀው የሙያውን ነው፤ ሌላ መጠየቂያ ቋንቋ አልነበረውም።

«ምን ያህል ሰፋው?»

መምህሩ በራሱ ኮት ላይ ጨርቁን ከወገቡ ጨብጦ አሳየው፤ አልበቃ ሲለው በሁለተኛውም እጁ ጨበጠ።

«ትከሻውስ?»

ጣቱን ከትከሻው ጫፍ አንስቶ ወደ ክንዱ መሀል አወረደው። እዚያ ላይ ቆመ።

«እሺ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለ ጋሽ ኮት። ሊሸኘው ሲነሳ የመምህሩ ኮት ኮሌታ ተገልብጦ አየና በልማዱ አስተካከለለት።

ለሚስቱ መዋሸት ይችል ነበር። አልሆነለትም፤ ገና ከበሩ ስትገባ ትከሻውን አየችና ክሩን ከእጇ ጣለችው። እሱ ሲያስተምራት የኖረው ያንን ማየት አይደል! ሁሉንም ነገራት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ጨምርለት ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ስትናገሪ ጨርቁ ተቆርጦ ነበር።»

«ውሸታም! ጠመኔህን እንኳ አላነሳህም ነበር።»

«መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«አፌን የያዘልኝ ማን ነበር? ስንቱን መልእክተኛ ስታባርር እኔን ለምን አላባረርከኝም?»

«ልጁ ያንቺ ነዋ!»

«ያንተስ አይደለም?»

ለዚያ ልጅ መክሳት ኃላፊ ነኝ ያለ አልነበረም። ሻለቃው የንብረት ክፍሉን ከሰሰ፤ የንብረት ክፍሉ ሲባጎውን፤ የቀድሞው ወዳጅ ባለ ብዙ ገጽ ሪፖርት ጽፎ እጁን ታጠበ፤ አዲሱ ወዳጅ በሰው ቤት ጣልቃ አይገባም። ሁለት ያረጁ ሰዎች ብቻ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጥፋቱን እንደ ርስት ተናጠቁት። ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ልቅሶውን እንዳይሰማ የሙዚቃውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ለሰው ያዋለው ትልቁ ውለታ ያ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ጋሽ ኮት መርፌ፣ ጥቁር ሰማያዊ ክርና ጠመኔ በኪሱ ይዞ መምህሩ ከወጣበት ማረሚያ ቤት በር ሄደ። ሚስቱ ከመንገዱ ማዶ ቆመች፤ ሁለታችንም ከመጣን ያውቁብናል ተባብለው። በሩ ላይ ሰልፍ ነበር፤ ሁሉም የሌለ ሰው የሚጠይቅ። ተራው ሲደርስ የንብረት ክፍል ኃላፊውን አስጠራ።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?»

«ከኮቶቹ አንዱ ሰፍቷል ሲሉ ሰማሁ። የእኔ ጥፋት ነው። ላጠበው ነው የመጣሁት። ጎኑን ፈትቼ፣ ትከሻውን አንስቼ... እዚሁ በሩ ላይ ተቀምጬ እሠራዋለሁ። በነፃ ነው።»

ሰውዬው ግራ ገባው። «ለምን ይጠቅማል?»

«ለሚቀጥለው ጊዜ። ሊያዩ ለሚመጡት።»

ኃላፊው ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ለመሆን የሚያስፈልገው ድፍረት የለውም። «ጋሼ፣ ዜና አይሰሙም እንዴ? ወደቡ እኮ ትናንት ተፈረመ። ለአዲሱ። እነሱ ደግሞ እስር ቤት አያዩም፤ ወደቡን ነው የሚያዩት።»

«ያኛዎቹስ? የቀድሞዎቹ?»

«ጎረቤታችን ጋ ሄደዋል፤ እዚያ ወደብ ሊከራዩ። ስለ እኛ "ስጋታችንን ገልጸናል" ብለው ጨርሰዋል። ከእንግዲህ ማንም ሊያይ አይመጣም።»

ጋሽ ኮት በኪሱ ውስጥ ክሩን ጣቱ ላይ ይጠመጥማል፤ ደሙ እስኪቆም ጠመጠመው።

«እንግዲያው ኮቱን ስጡት። ለብርዱ። ሰፊ ኮት ለብርድ ጥሩ ነው።»

«ኮቱ መጋዘን ገብቷል። የመንግሥት ንብረት ነው።»

«ልጄስ?»

አምልጦት ነው። ኃላፊው አንድ እርምጃ ቀረበ። የሽማግሌውን ፊት አየ፤ ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ ተዘጋ፤ በር እንደሚዘጋ፤ ሲናገርም ለሰልፈኛው ሁሉ በሚሰማ የቢሮ ድምፅ ነው።

«የእርስዎ ልጅ እዚህ የለም። ቀጣይ!»

ይህንኑ ቃል በዚህ በር ላይ ከዚህ ቀደም ሰምቶታል። ያን ጊዜ ውሸት መሆኑን አያውቅም ነበር፤ አሁን ያውቃል። ማወቁ ግን በሩን በስንዝር አልከፈተለትም። ከኋላው ያለችው ሴት ቀስ ብላ በክርኗ ገፋ አደረገችውና ቦታውን ያዘች።

መንገዱን ሲሻገር መኪና ጮኸበት። ሚስቱ ማዶ ያለችበትን አልለቀቀችም፤ ነጠላ ጫማዋ ወልቆ ባዶ እግሯ መሬት ነክቷል፣ አላወቀችውም።

«ምን አሉህ?»

«የለም አሉኝ።»

የማረሚያ ቤቱን ረጅም ግንብ ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«አለ እንጂ» አለች። «ከስቶ ነው እንጂ፣ አለ።»